ዋጋ ሲጠየቅበት የበረደ ቁጣ

በኦገስት 2024 የታሊባን መንግሥት 35 አንቀጾች ያሉት የሥነ ምግባር ሕግ አወጀ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሕጉ መሠረት የአፍጋን ሴት ከቤቷ ስትወጣ ፊቷን ጭምር መሸፈን አለባት፤ ድምፅዋም እንደ ገላዋ ከባዕድ ወንድ የሚሰወር ነው ተብሏልና በሰው መካከል ማዜምም ሆነ ጮክ ብላ ማንበብ አይፈቀድላትም። ዋሽንግተንና ብራስልስ መግለጫ አወጡ። ጋዜጦች ለጥቂት ቀናት ጻፉበት። አንዳንድ አፍጋናውያን ሴቶች ሲያዜሙ ራሳቸውን ቀርጸው በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቁ። ከዚያ ነገሩ ከዜናው ወጣ። ከ23 ዓመት በፊት የእነዚሁ ሴቶች ሰማያዊ ቡርቃ ለታላቅ የጦር ዘመቻ ማስረጃ ሆኖ ቀን ከሌት በቴሌቪዥን ሲቀርብ ላየ ሰው ይህ ዝምታ ማብራሪያ ይፈልጋል።

እኛ ዘንድ ማብራሪያው አይቸግርም። "ፈረንጅ ድሮስ መቼ ከልቡ አዝኖ ያውቃል" ይባልና ወሬው ይዘጋል። መልሱ እውነት የሌለው አይደለም፤ ሰነፍ መልስ ግን ነው። ከልባቸው ያዘኑ ነበሩ፣ ሐዘናቸውም ለአንድ ሰሞን ፍሬ አፍርቶ ነበር። መጠየቅ ያለበት ያ ሐዘን የት ደረሰ፣ መቼስ መውረድ ጀመረ የሚለው ነው። ብዙዎች ውድቀቱን አሜሪካ ካቡልን ጥላ ከወጣችበት ከ2021 ይቆጥሩታል። እኔ ግን ቁጣው ጣሪያ ከነካበት ከ2001 መቆጠር አለበት ባይ ነኝ። ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ ከተራ ዜጎች እጅ ወጥቶ የመንግሥታት ንብረት የሆነው። መንግሥት የያዘው ጉዳይ ደግሞ ዕድሜው ከመንግሥት ፍላጎት አይረዝምም።

ታሊባን ካቡልን የያዘው በሴፕቴምበር 27 ቀን 1996 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ከቢሮ፣ ልጃገረዶች ከክፍል ወጡ፤ ጎዳናውን አለንጋ የያዘ የሃይማኖት ፖሊስ ተቆጣጠረው። በዚያ ሰሞን በዋሽንግተን ትልቁ የአፍጋን ወሬ የጋዝ ቧንቧ ነበር። ዩኖካል የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ከቱርክሜኒስታን ተነስቶ አፍጋኒስታንን አቋርጦ ፓኪስታን የሚገባ መስመር ሊዘረጋ ፈልጎ በዲሴምበር 1997 የታሊባን ልዑካንን ቴክሳስ ድረስ ጋብዞ አስተናገደ። በዚያው ዓመት ፌሚኒስት ማጆሪቲ ፋውንዴሽን የተባለ የሴቶች ድርጅት፣ የኮሜዲያኑ የጄይ ሌኖ ባለቤት ሜቪስ ሌኖ በሊቀመንበርነት የመሩትን ዘመቻ ጀመረ። በካቡል የሚደረገውን "ጾታዊ አፓርታይድ" አሉት። ስሙን ብቻ ሳይሆን ዘዴውንም ከደቡብ አፍሪካ ትግል ወሰዱ፦ ኩባንያውን በባለአክሲዮኖቹ ፊት ማሳፈር፣ መንግሥታቸው ለታሊባን ዕውቅና እንዳይሰጥ መወትወት። በቡርቃ ላይ ዓይን የሚያይበትን መረብ የመሰለች ቁራጭ ጨርቅ ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት አድርገው አከፋፈሉ። ሌኖና ባለቤታቸው ከኪሳቸው 100,000 ዶላር ሰጡ።

ዩኖካል በዲሴምበር 1998 ከውጥኑ ወጣ። ሙሉውን ምስጋና ለሴቶቹ መስጠት ግነት ይሆናል፤ በኦገስት 1998 የናይሮቢና የዳሬሰላም ኤምባሲዎች በቦምብ ከጋዩና አሜሪካ አፍጋኒስታን ላይ ሚሳይል ከተኮሰች በኋላ ማንም ቧንቧ የሚዘረጋበት ሁኔታ አልነበረም። ያም ሆኖ ታሊባን እስከ መጨረሻው ከፓኪስታን፣ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከኤምሬትስ በስተቀር ዕውቅና የሰጠው አገር አላገኘም፤ ለዚህ ደግሞ የእነዚያ ሴቶች ጩኸት ድርሻ ነበረው። በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነር የነበሩት ኤማ ቦኒኖ በሴፕቴምበር 1997 ካቡል ውስጥ ሆስፒታል ሲጎበኙ ከነአጃቢዎቻቸው ተይዘው ለሰዓታት ታሰሩ፤ በቀጣዩ ማርች 8 በዓሉ ለካቡል ሴቶች እንዲሆን "አበባ ለካቡል ሴቶች" የሚል ዘመቻ ተካሄደ።

ከሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሠሩት አፍጋናውያኑ ራሳቸው ናቸው። በ1977 ካቡል የተመሠረተው ራዋ የተባለው የሴቶች ማኅበር መሥራቹ በ1987 ፓኪስታን ውስጥ ብትገደልበትም በስውር ትምህርት ቤት ያስተምር፣ በስውር ይቀርጽ ነበር። በኖቬምበር 1999 በካቡል ጋዚ ስታዲየም አንዲት እናት በሕዝብ ፊት በጥይት ስትገደል የሚያሳየውን ፊልም የቀረጹት የራዋ አባላት ናቸው። ካሜራው ቡርቃ ውስጥ ተደብቆ ነው የገባው። ሴትን ከዓይን ለመሰወር የተጫነው ጨርቅ ካሜራዋንም ከጠባቂው ሰወረላት። በፌብሩዋሪ 2001 ከዚሁ ማኅበር የሄደች ወጣት ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን መድረክ ላይ ቡርቃ ለብሳ ቆመች፤ ኦፕራ ዊንፍሪ ጨርቁን ከላይዋ ገፈፈችላት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጨበጨበ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰባት ወር በፊት ነው። ያን ጊዜ ቁጣው ገና የጭብጨባው ባለቤቶች የራሳቸው ነበር።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በሴፕቴምበር 20 ቀን 2001 ለኮንግረስ ባሰሙት ንግግር የአፍጋን ልጃገረዶች ትምህርት መከልከላቸውን አንስተዋል። ለታሊባን ያቀረቡት የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ግን ሌላ ነው፦ የአልቃይዳን መሪዎች አስረክቡ፣ የታሰሩ የውጭ ዜጎችን ፍቱ፣ የሥልጠና ካምፖችን ዝጉ፣ ገብተን እንድናይ ፍቀዱ። ስለ ሴቶች አንድም ጥያቄ የለበትም። ታሊባን ቢን ላደንን አሳልፎ ቢሰጥ ኖሮ ልጃገረዶቹ ከክፍል ውጭ እንደሆኑ ይቀጥሉ ነበር ማለት ነው። ቦምቡ በኦክቶበር 7 ተጀመረ፤ ካቡል በኖቬምበር 13 ተለቀቀች። ቀዳማዊት እመቤት ላውራ ቡሽ በባላቸው ሳምንታዊ የሬዲዮ ሰዓት ቀርበው ሽብርን መዋጋት ለሴቶች ክብር መዋጋትም ነው ያሉት ከዚያ በኋላ፣ በኖቬምበር 17 ነው። በቀናት ልዩነት ለንደን ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለቤት ሼሪ ብሌርም ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። ምክንያቱ ከጦርነቱ በኋላ መጣ።

የዚያች መድረክ ላይ የተጨበጨበላት ወጣት ማኅበር በዚያ ሰሞን ምን ይል ነበር? ራዋ የአሜሪካንን ቦምብ ተቃውሞ ነበር። ታሊባንን የሚተኩት የሰሜኑ ኅብረት የጦር አበጋዞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሴቶች ላይ የፈጸሙት ግፍ እንዳይረሳም ደጋግሞ አሳሰበ። የሰማው የለም። ቡርቃዋን ስትገፈፍ ትፈለግ የነበረችው ሴት አፏን ስትከፍት አልተፈለገችም። የምዕራቡ ዓለም ቁጣ የተበላሸው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የአፍጋን ሴት ጉዳይ ከጦሩ ጋር ተጣበቀ፤ ጦሩ ሲወደስ ተወደሰች፣ ሲሰለች ተሰለቸች።

በሃያ ዓመቱ የተገኘውን መካድ ግን ሐቀኝነት አይደለም። የ2004ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ሴትና ወንድ በሕግ ፊት እኩል ናቸው አለ፤ ከታችኛው ምክር ቤት ወንበር ከሩብ በላይ ለሴቶች ተጠበቀ። ዩኔስኮ እንዳሰፈረው በ2001 ከምንም የማይቆጠር የነበረው የአንደኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ቁጥር በ2018 ወደ 2.5 ሚሊዮን ደረሰ። ከ250 የማያንሱ ሴት ዳኞች ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የካቡል፣ የሄራትና የማዛሪ ሸሪፍ እውነት እንጂ ጦርነቱ ደጃፏ ላይ ሲካሄድ የኖረባት የሄልማንድ ገበሬ ሴት እውነት አልነበረም። እሷ ከአንዱ የታሊባን ፈንጂ፣ ከሌላው የሌሊት ወረራ እየሸሸች ነው የኖረችው።

የመሸርሸሩ ምልክቶች ቀድመው ነበር የታዩት። በማርች 2010 የሲአይኤ አንድ ክፍል የፈረንሳይና የጀርመን ሕዝብ ጦርነቱን እንዳይቃወም ምን ይደረግ ብሎ ያዘጋጀው ምስጢራዊ ሰነድ በኋላ በዊኪሊክስ ወጣ። የአፍጋን ሴቶች ስለ ፍርሃታቸው በአውሮፓ ሚዲያ ቢናገሩ በተለይ የአውሮፓ ሴቶችን ልብ ያራራል የሚል ምክር ነበረበት። በዚያው ዓመት ኦገስት ታይም መጽሔት አፍንጫዋ የተቆረጠ ወጣት ፎቶ በሽፋኑ አወጣና አፍጋኒስታንን ለቀን ብንወጣ የሚሆነው ይህ ነው የሚል መልእክት ጻፈበት፤ የምዕራቡ ጦር ገና በአገሩ ሞልቶ ሳለ የተፈጸመ ግፍ መሆኑ እምብዛም ትኩረት አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት፣ በማርች 2011፣ ስማቸው ያልተገለጸ አንድ የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለዋሽንግተን ፖስት ሲናገሩ እንደ ሴቶች መብት ያሉትን ጉዳዮች ጀርባቸውን ከሚያጎብጥ ቦርሳ ውስጥ የተጨመሩ ድንጋዮች አደረጓቸው። ዘመቻውን ያስዋበው ጌጥ ሲወጡ ሸክም ሆነ።

ገንዘቡም ቢሆን ለወሬ እንጂ ለሴቲቱ የሚፈስ አልነበረም። ዩኤስኤአይዲ በ2014 ፕሮሞት ብሎ የከፈተው፣ 75,000 ሴቶችን ለአመራርና ለሥራ ያበቃል የተባለ ፕሮግራም ነበር። በ2018 ኮንግረስ ያቋቋመው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲፈትሸው ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ሴቶቹ ምን ያህል እንደተጠቀሙ ግን ድርጅቱ በቅጡ አልመዘነም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ አገር የፕሮጀክት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሥልጠናው ተሰጠ፣ አበል ተከፈለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሪፖርት ተጻፈ።

በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 አሜሪካና ታሊባን ዶሃ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ነው። ጦር ስለ መውጣት፣ እስከ 5,000 እስረኞችን ስለ መፍታት፣ ስለ አልቃይዳ ይናገራል። ስለ ሴቶች አንድ ቃል የለውም። የአፍጋን መንግሥት እንኳ በፊርማው አልነበረም። በዚህ ሰነድና በ2001ዱ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር መካከል በዚህ ረገድ ልዩነት የለም፤ በሁለቱም ሴቲቱ የለችም። ፕሬዚዳንት ባይደን በኦገስት 2021 ለቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የሴቶችን መብት በጦር ኃይል ማስከበር አይቻልም ሲሉ የተናገሩት የተሸነፈ ሰው ማመካኛ ቢመስልም ቃሉ ራሱ ስህተት አይደለም። ጥያቄው በጦር ካልሆነ በምን የሚለው ነው። ለዚህ መልስ አልተዘጋጀም ነበር፤ ምክንያቱም በ1997 የነበረው ሌላው መንገድ፣ የዜጎቹ መንገድ፣ ሃያ ዓመት ሣር በቅሎበታል።

ታሊባን በ2021 ካቡልን መልሶ ከያዘ በኋላ ያደረገውን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አልከለከለም። በሴፕቴምበር 2021 ወንዶች ብቻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተጠሩ። በሜይ 2022 ፊት እንዲሸፈን ታዘዘ። በኖቬምበር መናፈሻና ጂም ተዘጋ፤ በዲሴምበር 20 ዩኒቨርሲቲ፣ ከአራት ቀን በኋላ በርዳታ ድርጅቶች መሥራት ታገደ። በኤፕሪል 2023 ተራው የተባበሩት መንግሥታት ሴት ሠራተኞች ሆነ። በጁላይ የውበት ሳሎኖች ተዘጉ፤ የአፍጋን የሴቶች ንግድ ምክር ቤት ወደ 60,000 ሴቶች እንጀራቸውን እንደሚያጡ ገምቶ ነበር። ሳሎን ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ያለ ወንድ አጃቢ ገብታ ከሌሎች ሴቶች ጋር የምትቀመጥበት የቀረላት ቦታ ያ ነበር። የሳሎን ሠራተኞቹ ካቡል መሐል ሲሰለፉ በውኃ መርጫና ወደ ሰማይ በተተኮሰ ጥይት ተበተኑ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ የአዋላጅነትና የነርስነት ትምህርት ቆመ፤ ሴት በወንድ ሐኪም መታየት አይገባትም የሚል ሥርዓት ሴት ሐኪም እንዳትሠለጥን ከለከለ። ለዚህ አመክንዮ ስም የለኝም። እያንዳንዱ ክልከላ ለየብቻው የሁለት ቀን ዜና ሆነና አለፈ። የዜና ገበያ አዲስ ነገር ይፈልጋል፤ ተከታታይ መታፈን ከሦስተኛው በኋላ አዲስ አይደለም።

ሌላም አለ። ይህ ጭቆና ማስረጃውንም አብሮ ይበላል። በማርች 23 ቀን 2022 የትምህርት ሚኒስቴር ለልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ እከፍታለሁ ብሎ አስታውቆ ነበርና ጋዜጠኞች ለምርቃቱ መጥተው ነበር። ልጃገረዶቹ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ አስረው፣ ከወራት በኋላ ተገናኝተው ሲሳሳቁ ካሜራ እየቀረጻቸው ነው። በካቡል ዛርጎና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈረንሳይ ዜና ወኪል ቡድን ክፍል ውስጥ እየቀረጸ ሳለ አንዲት መምህርት ገብታ ትምህርቱ ቀርቷል፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አለች። ደብተራቸውን ሰብስበው እያለቀሱ ወጡ። ዓለም ለጥቂት ቀናት የተንጫጫው ያንን ስላየ ነው። የኦገስት 2024ቱ ሕግ በበኩሉ ሕይወት ያለውን ነገር ምስል ማሳተምን ይከለክላል፤ በአንዳንድ ክፍለ ሀገራት ቴሌቪዥን ሰው ማሳየት አቁሟል። ፊቷ ተሸፍኖ፣ ድምፅዋ ተከልክሎ፣ ምስሏ ታግዶ ያለች ሴት ለዜና አትመችም። በ1999 ቡርቃ ውስጥ ካሜራ ይዛ የገባችውን ሴት ዛሬ ስልኳ ከተፈተሸ የሚያድናት የለም።

ከኢራን ጋር ማነጻጸሩ ይህን ያጎላዋል። ማህሳ አሚኒ በሴፕቴምበር 2022 በሥነ ምግባር ፖሊስ እጅ ሳለች ስትሞት ቴህራን ነደደች፤ ሻሻቸውን የሚያቃጥሉ ሴቶች ቪዲዮ ዓለምን ሞላ። በኦክቶበር አንዲት የስዊድን ተወካይ በአውሮፓ ፓርላማ አዳራሽ ፀጉራቸውን ቆረጡ፤ እነ ጁልየት ቢኖሽ ያሉበት የፈረንሳይ ተዋናዮችም በቪዲዮ እንዲሁ አደረጉ። በዲሴምበር ኢራን ከተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ኮሚሽን ተባረረች። ታሊባን ዩኒቨርሲቲ የዘጋው በዚያው ወር ነው። ለካቡል ተማሪዎች ፀጉሩን የቆረጠ ታዋቂ ሰው ትዝ አይለኝም። የቴህራንን ሴቶች ጀግንነት ማሳነሴ አይደለም። በኢራን ጉዳይ ግን የምዕራቡ መንግሥታት ቀድሞውኑ በኑክሌርና በማዕቀብ ከቴህራን ጋር ተፋጠው ነበር፤ ቁጣው ወደሚፈልጉት አቅጣጫ የሚፈስ ውኃ ነበር። በካቡል በኩል የሚፈስበት ቦይ አልነበረውም።

በምዕራቡ ዓለም ውስጥ ያለው የፖለቲካ ጎራም ጉዳዩን ከሁለት ወገን ይጎትተዋል። ቀኙ ወገን የሙስሊም ሴት ጭቆናን የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ በራሱ አገር ያለውን ስደተኛ ለመምታት ነው። ፈረንሳይ ፊት መሸፈንን በ2010፣ ዴንማርክ በ2018፣ ስዊዘርላንድ በማርች 2021 በሕዝበ ውሳኔ ከለከሉ፤ በስዊዘርላንድ ያለፈው በ51.2 በመቶ ድምፅ ነው። ጄኔቫ ላይ ቡርቃ መከልከል ለካንዳሃር ልጃገረድ ምን እንደፈየደ ያስረዳኝ አላገኘሁም። ግራው በበኩሉ እስልምናን የሚያንቋሽሽ እንዳይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ስለ ካቡል ሲጠየቅ ስለ አሜሪካ ቦምብ ይመልሳል። ቦምቡ እውነት ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱን የዘጋው ቦምቡ አይደለም። አንዱ በሴቲቱ ስም ስደተኛን ይጠላል፣ ሌላው በስደተኛው ስም ሴቲቱን ይረሳል።

የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ይመስለኛል፤ ታሊባን "ይህ የሸሪዓ ሕግ ነው" ሲል ሁለቱም አመኑት። የካይሮው አል አዝሃር ታላቁ ኢማም አህመድ አል ጠይብ በዲሴምበር 2022 የዩኒቨርሲቲ እገዳው ሸሪዓን የሚቃረን ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ቱርክና ኳታርም ተቃወሙ። ከታሊባን ውስጥ እንኳ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሼር ሞሐመድ አባስ ስታኒክዛይ በጃንዋሪ 2025 ሖስት ላይ ልጃገረዶችን ለማገድ ምንም ሰበብ የለም ብለው ሰበኩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ወጡ። ዛሬ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ያለውን ትምህርት በሴቶች ላይ የዘጋ ብቸኛው የሙስሊም መንግሥት በካንዳሃር ያለ አንድ ጠባብ የመሪዎች ክበብ የሚመራው ነው። ይህን የሙስሊሞቹን ክርክር መሣሪያ ማድረግ ሲቻል፣ በአውሮፓ ቴሌቪዥን ውይይቱ "እስልምናና ሴት" ወደሚል አጥር የለሽ ወሬ ይንሸራተታል።

የርዳታው ጉዳይ ከሁሉ የከበደው ነው፤ እዚህ ላይ ምዕራባውያንን መውቀስ ለእኔም ይከብደኛል። ገንዘቡ ቢቆም የምትራበው ያቺው ሴት ናት፣ ቢቀጥል ታሊባን እፎይ ይላል። በዲሴምበር 2022 ሴት ሠራተኞች ሲታገዱ ሴቭ ዘ ቺልድረን፣ ኬርና የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ሥራቸውን አቆሙ። መርሁ ትክክል ነበር፤ ግን ክረምት ነበር፣ ልጆች ነበሩ፤ በሳምንታት ውስጥ ከፊሉን ሥራ መልሰው ጀመሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው የታሊባን ቅጣት በታገደችው ላይ ያርፋል። ታሊባንም ይህን ያውቃል፤ በርሃብ የሚደራደረው በሌላ ሰው ሆድ ነው።

ርሃብ የሌለበት ቦታ ላይ ግን ምክንያት አይገኝም። ክሪኬት ለእኛ አንባቢ ባዕድ ጨዋታ ቢሆንም ምሳሌው ንጹሕ ነው። አፍጋኒስታን በኖቬምበር 2020 ለ25 ሴት ተጫዋቾች ውል ሰጥታ ነበር፤ ታሊባን ሲገባ አብዛኞቹ ወደ አውስትራሊያ ሸሹ። የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል የሆነ አገር የሴቶች ቡድን ሊኖረው ይገባል ይላል፤ የአፍጋን ወንዶች ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ። በጃንዋሪ 2025 ከ160 የሚበልጡ የብሪታንያ ፖለቲከኞች እንግሊዝ ከአፍጋኒስታን ጋር እንዳትጫወት በደብዳቤ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 26 ላሆር ላይ ተጫወቱ፤ እንግሊዝም በ8 ነጥብ ተሸነፈች። አንድ ግጥሚያ መተው ማንንም አያስርብም ነበር። የዋንጫው ውጤት ግን ይጎድላል።

የተባበሩት መንግሥታትም ከዚሁ ቁልቁለት አልዳነም። ለጁን 30 ቀን 2024 ዶሃ ላይ በተጠራው ስብሰባ ታሊባን እንዲገኝ ሲባል የአፍጋን ሴቶች ከጠረጴዛው ተነሱ፤ ዲፕሎማቶቹ ሴቶቹን ያነጋገሯቸው ስብሰባው ካበቃ በኋላ፣ በማግስቱ ነው። ቅድመ ሁኔታ የነበረው ጉዳይ አጀንዳ ሆነ፣ አጀንዳው የማግስት ቀጠሮ።

ዋጋው በትክክል የሚለካው ግን በር ላይ ነው፤ ቪዛና ጥገኝነት ላይ። እዚህ ሚዛኑን ማጉደል አይገባም። ስዊድን በ2022 መጨረሻ፣ ዴንማርክ በ2023 መጀመሪያ አፍጋናዊት መሆን ብቻውን ለጥገኝነት ይበቃል አሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 4 ቀን 2024 ይህንኑ አጸና። ፊት መሸፈንን የከለከለችው ዴንማርክ ከብዙዎቹ ቀድማ በሩን መክፈቷ የቀኙን ግብዝነት በጅምላ ለማውገዝ ለሚቸኩል ሰው ቆም ማሰቢያ ነው። ችግሩ ሕጉ የሚሠራው አውሮፓ ለደረሰች ሴት መሆኑ ነው። ካቡል ውስጥ ቪዛ የሚሰጥ የአውሮፓ ኅብረት አገር ኤምባሲ የለም፤ ያለ ወንድ አጃቢ መጓዝ አይቻልም፤ ኢራንና ፓኪስታን ደግሞ አፍጋናውያንን በገፍ እያባረሩ ነው። አሜሪካም በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላን አቆመች፣ በሜይ የአፍጋናውያኑን ቲፒኤስ (ከመባረር የሚጠብቅ ጊዜያዊ ከለላ) ማብቃት አወጀች፣ በጁን ጉዞ ከለከለች። ቲፒኤስ ምን ማለት እንደሆነ ለዋሽንግተንና ለሜሪላንድ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጁላይ 2025 ሁሉንም በአንድ ወር አሰባስቦ አሳየ። በ3ኛው ቀን ሩሲያ ታሊባን በ2021 ወደ ሥልጣን ከተመለሰ ወዲህ ዕውቅና የሰጠችው የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በ8ኛው ቀን የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በመሪው ሂባቱላህ አኹንድዛዳና በዋና ዳኛው አብዱል ሐኪም ሐቃኒ ላይ ሴቶችን በጾታቸው በማሳደድ ወንጀል የእስር ማዘዣ አወጣ። በ18ኛው ቀን ጀርመን 81 አፍጋናውያን ወንዶችን ወደ ካቡል አባረረች፤ ይህ እንዲቀጥል ሁለት የታሊባን ቆንስላ ሠራተኞች በአገሯ እንዲሠሩ ፈቀደች። የጀርመን የቀድሞው መንግሥት በኦክቶበር 2022 በወር እስከ 1,000 ሰው ለመቀበል ቃል ገብቶ ነበር፤ አዲሱ መንግሥት በሜይ 2025 ሲገባ አቆመው። መግቢያ ቃል የተገባላቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ጠበቃ፣ መምህርትና ጋዜጠኛ የነበሩ ሴቶች፣ ኢስላማባድ ውስጥ ቪዛ ሲጠብቁ ቀሩ፤ የፓኪስታን ፖሊስ የተወሰኑትን ይዞ ወደ አፍጋኒስታን መለሰ። በዚያው ጁላይ የበርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት አንዲት የሕግ መምህርት ከነቤተሰቧ ባቀረበችው ክስ መንግሥት ቃሉን የማፍረስ መብት የለውም ብሎ ፈረደ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ክስ መሥርተው ያሸነፉ 47 ሰዎች ሃኖቨር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ጠበቃ መቅጠር ያልቻሉት ግን ያን ጊዜ እዚያው ቀሩ።